ስለ ሲግድና ስለ ሰንበት ለልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ስታዘጋጁ፦ አያቶች የሚይዟቸው ስህተቶች

እናቴ ማንበብ አትችልም። ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ ብዙም አይናገርም። ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። እሱ በዕብራይስጥ ያነባል፤ እሷ ሥዕሉን ታያለች።

አንድ ሐሙስ ማታ ስለ ሰንበት የሚተርክ መጽሐፍ ይዞ መጣ። አንዱ ገጽ ላይ የጎንደር ጎጆ ተስሏል። ጎጆው ውስጥ ሁለት ሻማ ይበራል፤ እናትየዋ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ትባርካለች። እናቴ ጣቷን ሻማው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች። «እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን እናጠፋ ነበር።»

ልጄ ቀና አለ። «ታዲያ በጨለማ ነበር የምትቀመጡት?»

«አዎ ልጄ። ወጡም ቀዝቃዛ ነው። ዳቦው ግን ዓርብ ተጋግሮ ያድራል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ያነጋል።»

መጽሐፉ ተዘግቶ ጎን ተቀመጠ። ወሬው ግን ቀጠለ። ደስ ብሎኝ ነበር የማያቸው። ቢሆንም አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴ አጠገቡ ባትኖር ኖሮ ልጁ ያን ሥዕል እንደ እውነት ይዞት ያድግ ነበር።

ስለ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በዓላት ለልጆች የሚጽፉና የሚስሉ ወጣቶች አንዳንዴ ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። በልፋታቸው እኮራለሁ። ተመሳሳይ ስህተቶች ግን ደጋግሜ አያለሁ።

የሌላውን ልማድ ጎንደር ወስዶ ማስቀመጥ

ከሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው፤ የሻማውም ሥዕል የመጣው ከዚህ ነው። ጸሐፊው በእስራኤል ትምህርት ቤት የተማረውን በዓል እንዳለ ያነሳና ጎጆ ውስጥ ይከተዋል።

የአይሁድን ፋሲካ እንይ። ዛሬ እዚህ እስራኤል ቤታችን ሴዴር (የፋሲካ ማታ ሥርዓተ ማዕድ) እንቀመጣለን፤ ሐጋዳ (ከግብፅ የመውጣቱን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ) እናነባለን። ጎንደር ግን የሐጋዳ መጽሐፍም የሴዴር ሳህንም አልነበረም። በግ ይታረዳል፣ ቂጣ ይጋገራል፣ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ከኦሪት ይተረካል። የቤቱ ሸክላ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል። ሴቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች እንደነበሩ አስታውሱ። አሮጌውን ድስት ሰብራ አዲስ የምትሠራ እናት! ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል ከየት ይመጣል? ይሄ እያለ የሴዴር ሳህን ስለን እናልፋለን።

ሐኑካም (የስምንት ሌሊት የመብራት በዓል) እንደዚሁ ነው። ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር። ስለዚህ ጎንደር አምቦበር መንደር ውስጥ ሐኑኪያ (የሐኑካ መቅረዝ) የምታበራ ልጅ አትሳሉ። እስራኤል፣ ኔታኒያ ከተማ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ አያቷ አጠገብ ቆማ ስታበራ ሳሏት። አያትየዋ «እኔ ይሄን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው» ብትል ምንም አይጎድልባትም። እንዲያውም ልጁ በዓል ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ይማራል።

ሲግድን የጃንጥላና የእስክስታ በዓል ማድረግ

ሲግድ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል ነው፤ ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር በሔሽቫን 29 ይውላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ባወጣው ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ መዋዕለ ሕፃናቱ ሁሉ ስለ ሲግድ ማስተማር ይፈልጋል። መጽሐፍም ይፈለጋል። ጥሩ ነው። ግን አብዛኛው ረቂቅ በጃንጥላ ተጀምሮ በእስክስታ ያልቃል።

ስሙ ራሱ ከግዕዝ «ሰገደ» የመጣ ነው። ሌላ ስሙ ምህላ ነው። ሰው ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ተራራ ይወጣል። ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ ራስን በፈጣሪ ፊት ዝቅ ማድረግ ነው። ቄሶቹ (የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች) ኦሪቱን ያነባሉ። በሲና ተራራ ሕጉ ሲሰጥ፣ ደግሞም ዕዝራና ነህምያ ከምርኮ የተመለሰውን ሕዝብ ሰብስበው ቃል ኪዳኑን ሲያድሱ ያለው ይነበባል። ወደ ኢየሩሳሌም የመመለስ ናፍቆት እዚያ አለ። ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾሙን በዳቦ ይፈታሉ። ዘፈኑና እስክስታው የሚመጣው ያኔ ነው።

ልጅ ይሄን አይረዳም የሚሉኝ አሉ። ይረዳል። «እማማ፣ ዛሬ ለምን አልበላሽም?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግማሹን ደርሶበታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ትንሽ ድንጋይ ይዛ ዳገት ስትወጣ አሳዩ። ከባድ ነው? ትንሽ። መቼ ነው የምታወርደው? ላይ ስትደርስ። ጭፈራው ደስ የሚለው ከዚህ በኋላ ሲመጣ ነው። ዛሬ ኢየሩሳሌም አርሞን ሐናጺቭ የሚባለው ከፍታ ላይ ሰው ሲሰበሰብ የቤተ መቅደሱ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። አያቶቻችን ከሩቅ ሆነው የናፈቁት ቦታ ማለት ነው። ይሄ አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ምንም ጽሑፍ ይገባዋል።

የኦርቶዶክስ ሥዕል መቅዳት

ሠዓሊው ሞዴል ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ «የኢትዮጵያ ቄስ» ብሎ ይፈልጋል። የሚያገኘው የጥምቀት ፎቶ ነው። ጃንጥላው ይመሳሰላል፣ ጥምጣሙ ይመሳሰላል። ከዚያ የቤተ እስራኤል ቄስ እጅ ላይ መስቀል ይመጣል። አንድ ረቂቅ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠዓሊዋ ክፋት የላትም፤ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

መስቀሉ እጅ ላይ ባይኖር እንኳን ልብሱን እዩት። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ብዙ ጊዜ የመስቀል ቅርጽ አለው። በትንሽ ሥዕል ላይ ዓይን አይገባም፤ አያት ግን ታየዋለች።

ኦሪቱንም ጥቅልል አድርገው ይስሉታል፣ እንደ ምኩራቡ ሴፈር ቶራ። የኛ ኦሪት ብራና ላይ በግዕዝ በእጅ የተጻፈ፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው።

ከኦርቶዶክሱ ሥዕል ውጭም የሐኑካ ዕቃዎች ላይ የማያቸውን ባጭሩ ልጥቀስ። ሐኑኪያ ዘጠኝ ቦታ አለው፤ ስምንቱ ለስምንቱ ሌሊት፣ አንዱ ለማብሪያው ሻማ። በመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኙም በርቶ እንዳይሳል። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መኖራ የቤተ መቅደሱ ነው። ሴቪቮን (ልጆች በሐኑካ የሚያሽከረክሩት ባለ አራት ገጽ መጫወቻ) ላይም እስራኤል ውስጥ የምትጻፈው አራተኛ ፊደል ፔ ናት፤ ውጭ አገር ግን ሺን ናት። መጽሐፉ ለየትኛው አገር ልጅ እንደሆነ ወስኑ።

ገጹ ወዴት እንደሚገለጥ መርሳት

ይሄን ማንም አያስበውም፤ እኔም በመጀመሪያ አላሰብኩትም። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። መጽሐፉ የሚከፈተው ከቀኝ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሠዓሊ ልጁን ወደ ግራ ያስኬደዋል፤ ወደሚቀጥለው ገጽ እየሄደ ነውና። አማርኛ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ያንኑ መጽሐፍ ጽሑፉን ብቻ ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ብታትሙት፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚጓዘው ቤተሰብ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል።

«ታዲያ ሥዕሉን እናገላብጠዋለን» ይላሉ። ቀስ በሉ። ሥዕሉ ሲገለበጥ በውስጡ ያለው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ሁሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። በሐኑኪያው ላይ የመጀመሪያው ሻማ የሚቆመው በስተቀኝ ጫፍ ነው፤ ሲገለበጥ ግራ ይሆናል።

ሁለቱም ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ካለ አንዱን አቅጣጫ መርጣችሁ ጽኑ። እኔ እስራኤል ለሚያድግ ልጅ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ አከፋፈቱ ከቀኝ፣ ዕብራይስጡ ከነ ኒቁዱ (ከነ አናባቢ ምልክቶቹ) ከላይ፣ አማርኛው ከታች። የሲግድ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ሲግድ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሥዕሉን ከታች ወደ ላይ አስኪዱት፤ የግራና የቀኝ ጣጣ ይቀራል።

አማርኛውን የፍርድ ቤት ደብዳቤ ማስመሰል

«ሕፃኑ በዓሉን በማክበር ላይ ይገኛል።» እንዲህ የሚል አያት አይቼ አላውቅም። ከዕብራይስጥ ቃል በቃል ሲተረጎም የሚመጣ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለልጃችሁ የማትሉትን አትጻፉት። «ፈላሻ» የሚለውንም ቃል አውጡት፤ ሲሰደቡበት የኖሩበት ስም ነው። ቤተ እስራኤል በሉ። ለዓርብ ማታ ደግሞ «ሰንበት ሰላም» የሚል የራሳችን ሰላምታ አለ። ልጆቹ እንዲሰሙት አድርጉ።

ታሪኩን ከአውሮፕላኑ መጀመር

በ1991 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አመጣ። ሥዕሉ ያምራል፤ ትልቅ ነጭ አውሮፕላን፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች። ግን ብዙ መጻሕፍት ከዚያ ይጀምራሉ። ሕይወታችን አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ የተጀመረ ይመስላል። አያቶቻችንም ዝም ብለው የተጫኑ ይመስላሉ።

ከዚያ በፊት በእግር የሄዱ አሉ። በሌሊት ተጉዘው ሱዳን የገቡ አሉ። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚሆን ሰው አልቋል። መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ነው።

ይሄን ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? መደበቅ ትክክል አይመስለኝም። ማስፈራራትም እንደዚያው። ቤታችን ውስጥ የሞቱት ስማቸው ይነሳል፤ ልጆቹም ይሰማሉ። «ሁሉም አልደረሰም፤ ስማቸውን እንጠራለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከጎኑ ውኃ የያዘ ቅልና ያረጀ ጫማ ይሳል። የቀረውን አያት ይሙሉት፤ ልጁ ሲጠይቅ፣ እነሱም ሲችሉ።

ለአያት ሳያሳዩ ማተም

ረቂቁ ማተሚያ ቤት ሳይገባ አንድ አያት ጋ ውሰዱት። ከትልልቆቹ ቄሶች አንዱን ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ገና ከበር ሳላችሁ ማስረዳት አትጀምሩ። ቡና ይፈላ፣ መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ይቀመጥ፣ ልጅ አጠገባቸው ይሁን። እናንተ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ጣታቸው የትኛው ገጽ ላይ እንደሚቆም እዩ፤ የሚሉትንም ጻፉ።