እንቁላል የታቀፈች የባሕር ወፍን ሳያሸብሩ እንዴት ማየት ይቻላል?

ዶሮ ዛሬ የጣለችው እንቁላል ቢሰበር ነገ ሌላ ትጥል ይሆናል። ፓፊንና ጊልሞት የሚባሉት የባሕር ወፎች ግን በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ተንከራታች አልባትሮስ የሚባለው ግዙፍ ወፍማ ይብሳል። እናትና አባት እየተፈራረቁ አንዷን እንቁላል 11 ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ፤ ከዚያም ጫጩቱን ለብዙ ወራት ይመግባሉ፤ ተሳክቶላቸው ካሳደጉ ቀጣዩን የሚጥሉት በሁለተኛው ዓመት ነው። ወደ እነዚህ ወፎች ሰፈር የሚሄድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ስሕተቱ የአንድ ጥንድ ወፍን የዓመት ልፋት ሊያጠፋ እንደሚችል አውቆ ይነሣ። እኔ ይህን የተማርሁት አጥፍቼ ነው፤ ታሪኩ ከታች አለ።

ጊዜውን መምረጥ

ወፎቹ ቦታ የሚይዙባቸውና እንቁላል መጣል የሚጀምሩባቸው ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ናቸው። ወፏ ገና ብዙ ያልደከመችበትን ጎጆ ለመተው አታመነታም፤ ከተሸበረች ጥላው ትሄዳለች። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ግን በቀላሉ አትለየውም። ምርጫ ካለዎት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይዝለሏቸው።

ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ቀትርን ይተዉት። ብዙ ሰው ወፍ እንቁላሏን የምትታቀፈው ለማሞቅ ብቻ ይመስለዋል። በሞቃት ባሕር ዳርቻ፣ በባዶ አሸዋ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን የወፏ ሥራ ጥላ መሆን ነው። በዚያ ሰዓት ካስነሧት እንቁላሉ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በውስጡ ያለው ጽንስም ሊሞት ይችላል። በዝናብና በብርድ ቀን ደግሞ አደጋው ይገለበጣል፤ ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት ያለ እናቱ ገላ ብዙ አይቆይም። ደረቅ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ያለው ሰዓት ይሻላል።

የሚያዝ ዕቃ

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ 8 እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በሦስት እግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ይግዙ፤ እኔ ከውድ ካሜራ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ካሜራ የያዘ ሰው ወፏ በምስሉ ላይ ትንሽ ሆና ስለምትታየው ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ይጨምራል። ቴሌስኮፕ የያዘ ግን አንድ ቦታ ይቀመጣል። ያለዎት የስልክ ካሜራ ብቻ ከሆነ ፎቶውን ለዛሬ ይርሱት። ውሻ ቤት ይቀራል፤ በገመድ ቢታሰርም በወፏ ዓይን ያው አዳኝ ነው።

ርቀት

ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ሜትር ልራቅ?" ብሎ ነው። አንታርክቲካን ለሚጎበኙ ሰዎች የሚነገረው የታወቀ መመሪያ ቢያንስ 5 ሜትር ይላል፤ በጋላፓጎስ ደሴቶች ደግሞ 2 ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ግን ሞኝነት ነው። ሃምቦልት ፔንግዊን የሚባለው ዝርያ የልብ ምቱ ሲለካ፣ 150 ሜትር ርቆ የሚያልፍ ሰው እንኳ እንቁላል የታቀፈውን ወፍ ልብ እንደሚያስደነግጥ ታይቷል፤ ምቱ ወደ ቀድሞው እስኪመለስም እስከ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በቦታዋ የተቀመጠች ወፍ አልፈራችም ማለት አይደለም። እንቁላሏን ትታ መሄድ ስላልቻለች ይሆናል የተቀመጠችው።

ስለዚህ ሜትሩን ትቼ አንገቷን ማየት ለመድሁ። ስታንቀላፋ ወይም ላባዋን ስታበጥር የነበረች ወፍ ድንገት አንገቷን ቀጥ ካደረገች አይታዎታለች፤ እዚያው ይቁሙ። ራሷን ወዲያና ወዲህ ማዞር ከጀመረች በጣም ቀርበዋል። ደረቷን ከእንቁላሉ ላይ ከፍ ካደረገች ወይም ክንፏን ከገላዋ ከለየች ለመብረር አንድ ሐሳብ ነው የቀራት። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ አንገት ቀጥ ሲል ቆሜ፣ ቀስ ብዬ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ወፏ ወደ እንቅልፏ ወይም ወደ ላባዋ ካልተመለሰች ሌላ አሥር እጨምራለሁ። አንዳንድ ቀን በዚህ ሂሳብ ወደ መኪናዬ ደርሼ አውቃለሁ።

አቀራረብም ለውጥ አለው። በቀጥታ ወደ እሷ የሚመጣ ሰው በጎን ከሚያልፍ ሰው የበለጠ ያስፈራታል፤ ስለዚህ በሰያፍ ይሂዱ። በጉብታ ጫፍ ላይ፣ ሰማይን ከኋላዎ አድርገው አይቁሙ። ብዙ ከሆናችሁ አንድ ላይ ሁኑ፤ ተበታትናችሁ ሰፈሩን እንዳትከቡት።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ተርን የሚባሉ ቀጫጭን ነጫጭ ወፎች የሰፈሩበት የአሸዋ ደሴት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አንገቶች ቀጥ ሲሉ አይቻለሁ፤ ግን የምልክቱን ትርጉም አላወቅሁም። ጥቂት እርምጃ እንደጨመርሁ መላው ሰፈር ባንድ ጊዜ ተነሣ። ሰማዩ ነጭ ሆነ። ውበቱ ደንቆኝ ተንበረከክሁና ፎቶ ማንሣት ጀመርሁ። እየጮሁ ወደ ራሴ ይወረወሩ ነበር፤ አንዷ ኮፍያዬን መታችው፤ እኔም ሳቅሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ማታ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ላይ ሳሰፋ በአንደኛው ጥግ ጋል የሚባለው ትልቁ የባሕር ወፍ ቆሞ አየሁ፤ በአፉ እንቁላል ይዟል። በሚቀጥለው ፎቶ ሌላ ጋል። በአራት ፎቶዎች ላይ ቆጠርኋቸው። እኔ ሰማይ ሰማይ ሳይ እነሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሰው አንድም እንቁላል ሳይነካ የሚገድለው እንዲህ ነው፤ በሩን ይከፍታል፣ የሚዘርፈው ሌላ ነው። ዘራፊ ባይኖርም ጉዳቱ አይቀርም። ጊልሞት ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏ ያለው በገደል ላይ ባለ ባዶ ድንጋይ ነው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ በድንጋጤ ሲነሡ እንቁላሎች እየተንከባለሉ ወደ ባሕር ይወድቃሉ። የጋል ጫጩቶች ደግሞ ሲደነግጡ ሮጠው ጎረቤት ጎጆ ይገባሉ፤ ጎረቤት ወፍ ምሕረት ስለማያውቅ ደብድቦ ይገድላቸዋል።

ስለዚህ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ከተነሣ ካሜራውን ዝቅ አድርገው በመጡበት መንገድ ወዲያው ይመለሱ። ግን አይሩጡ። እግርዎ ሥር ያለው እንቁላል አሸዋ ይመስላል፤ ጫጩቱም የሚያመልጠው ተለጥፎ ዝም በማለት ነው።

እግርና ጀልባ

ፓፊንና ሺርዎተር የሚባለው ሌላ የባሕር ወፍ ጎጇቸውን መሬት ውስጥ ይቆፍራሉ። ላዩን ሣር ነው፤ ጣሪያው ግን ቀጭን ነው፤ ከረገጡት ከውስጥ ባለችው ወፍ ላይ ይደረመሳል። በዌልስ ባሕር ዳርቻ ባለችው ስኮመር ደሴት ጎብኚ ከመንገዱ ንቅንቅ እንዳይል የሚነገረው ለዚህ ነው። "አንድ እርምጃ ብቻ" የሚለውን ጓደኛ እጁን ይዘው ይመልሱት።

በጀልባ ከሆነ ከገደሉ ጎን ለጎን በዝግታ ይለፉ፤ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አያቅኑ፤ ጥሩንባ አይንፉ። ወፎቹ ሲነሡ ለማየት ብሎ ጥሩንባ የሚነፋ ጀልባ ነጂ ካጋጠመዎት ሁለተኛ ከእሱ ጋር አይሂዱ።

ድሮን

አይጠቀሙ። ከፍ አድርጎ ማብረር መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የማስበው ከላይ የሚመጣ ነገር ለወፍ ምን ማለት እንደሆነ ነው። በ2021 በካሊፎርኒያ ቦልሳ ቺካ በሚባል ጥብቅ ሥፍራ አንድ ድሮን ተርኖች በሰፈሩበት አሸዋ ላይ ወደቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሸሹ፤ 1,500 ያህል እንቁላሎችም ያለ ታቃፊ ቀሩ።

ሲመለሱ

ጫማዎን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት አጥበው ያጽዱ። በ2022 የወፍ ጉንፋን በሰሜን አትላንቲክ የባሕር ወፎች ሰፈሮች ላይ ያደረሰው እልቂት ቀላል አልነበረም፤ ኩስ የነካው ጫማ በሽታ ሊያዞር ይችላል። የሞተ ወይም የታመመ ወፍ ካዩ አይንኩ፤ ለሥፍራው ጠባቂዎች ይንገሩ።

ፎቶ ለሰው ሲያሳዩ የጎጆውን ትክክለኛ ቦታ አይጻፉ። ስልክዎ ቦታውን በራሱ ከምስሉ ጋር ስለሚመዘግብ ከማጋራትዎ በፊት ያጥፉት፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው አሸዋ ላይ ሃያ ሰው ተንበርክኮ ያገኙታል።