ወንዝ ዳር ለማደር ቦታ ስትመርጡ፦ በፎቶ አትታለሉ

ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሐበሾች ጁን ሲገባ የምንላላከው ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጥድ የለበሰ ገደል፣ ከሥሩ አረፋ እየደፈቀ የሚወርድ ወንዝ፣ ዳሩ ላይ አንድ ድንኳን። ብዙ ጊዜ ቦታው ፑደር ካንየን የሚባለው ገደላማ ሸለቆ ነው። ከፎርት ኮሊንስ ወደ ምዕራብ ሀይዌይ 14ን ይዛችሁ ስትገቡ መንገዱና ወንዙ ጎን ለጎን እየተጠማዘዙ ይወስዷችኋል። ካምፕ ማድረጊያ ቦታዎቹም እዚያው ወንዙ ዳር ናቸው። ወንዙ፣ ሙሉ ስሙ ካሽ ላ ፑደር፣ ከ1986 ጀምሮ በውበቱና በተፈጥሮው በፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። በኮሎራዶ ይህን ማዕረግ ያገኘ ሌላ ወንዝ የለም።

ስለዚህ ውበቱ አያከራክርም። ችግሩ ቦታ የምንመርጠው ፎቶ እያየን መሆኑ ነው። እኔ ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በአንድ ጉዞ ሠርቻቸዋለሁ።

ለውሃው የቀረበውን ቦታ መሻማት

ኦንላይን ቦታ ስታስይዙ ካርታው ላይ ወንዙን የሚነኩት ቁጥሮች ቀድመው ያልቃሉ። አንዱን ሳገኝ ሎተሪ የወጣልኝ መሰለኝ። ከድንኳኑ በር እስከ ውሃው ዐሥር እርምጃ አይሞላም።

መጀመሪያ ያማረረኝ ጩኸቱ ነው። ወንዝ ከሩቅ ሲሰማ ያስተኛል። ከአጠገብ ሲሆን ግን "ምን አልክ? ምን አልሽ?" ስትባባሉ ታመሻላችሁ። ልጅ ይዞ ለሄደ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ልጁ ውሃው ጋ ሆኖ ቢጣራ አትሰሙትም። በተለይ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ የተራራው በረዶ ቀልጦ ስለሚወርድ ወንዙ ይሞላል፤ ቅዝቃዜውም ጎበዝ ዋናተኛን ያደነዝዛል።

አሁን ካርታው ላይ የምፈልገው ሁለተኛውን ረድፍ ነው፤ ወንዙን የሚያይ፣ ግን ከፍ ያለ። ስደርስም ዓይኔን መጀመሪያ የምጥለው ውሃው ላይ አይደለም። በሌሊት በባዶ እግሬ መሮጥ ቢመጣ በየት በኩል ወደ ላይ እንደምወጣ አያለሁ።

ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት

ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ለሐበሻ አይነገረውም። ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ቆላው ፀሐይ ነው፣ ወንዙ ግን ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ድሬዳዋ ላይ በሌሊት የሠራውን የሚረሳ የለም። እዚህ ስንመጣ ግን የምንዘናጋ ይመስለኛል። ቁጥር የተሰጠው፣ ክፍያ ያለው ቦታ ሲሆን "አስበውበት ነው የሠሩት" እንላለን።

ከፑደር በስተደቡብ ቢግ ቶምሰን የሚባል ካንየን አለ። ጁላይ 31 ቀን 1976፣ ቅዳሜ ማታ፣ ላይኛው ክፍል ላይ የወረደው ዝናብ 144 ሰው ፈጀ። ገደሉን የወጡት ሲተርፉ፣ በመኪና ሊያመልጡ ከሞከሩት ብዙዎቹ ቀሩ። ዛሬ በኮሎራዶ ካንየኖች መንገድ ዳር ገደል የሚወጣ ሰው የተሳለበት ምልክት ታያላችሁ። ጎርፍ ከመጣ ወደ ላይ ውጡ ነው የሚለው።

ፑደር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በ2020 የካሜሮን ፒክ ቃጠሎ ከ200 ሺህ ኤከር በላይ መሬት በላ። የተቃጠለ አፈር ውሃ አይጠጣም፤ ዝናቡ እንደ ጣሪያ ላይ ይንሸራተታል። በዓመቱ ጁላይ 20 ብላክ ሆሎው የሚባለው ገባር ጭቃና ግንድ ይዞ ወርዶ አራት ሰው ገደለ።

እኛ በሄድንበት ቀን ጎርፍ አልመጣም። ግን ከሰዓት በኋላ ጠጠሩ ይቆጠርበት የነበረው ውሃ ድንገት ማኪያቶ መሰለ። ቅርንጫፍ መጫን ጀመረ። እኛ ላይ ጠብታ የለም። ጎረቤታችን የነበሩ ፈረንጅ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ወንበራቸውን አጥፈው ወደ ላይ ሲወጡ ሳይ ነው የባነንኩት። ያን ሌሊት ከፍ ያለው ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ አደርን።

ከሰል ላይ መተማመን

ጀበናው፣ ሲኒው፣ ዕጣኑ፣ አንድ ከረጢት ከሰል። እንደርሳለን፣ የእሳት እገዳ ወጥቷል። በደረቅ በጋ ይሄ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ እገዳ ካምፑ ውስጥ በተተከለው የብረት እሳት ማንደጃ ብቻ ታነዳላችሁ። በሁለተኛው እንጨትም ከሰልም የለም። የሚፈቀደው ጋዙን የሚዘጋ ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እገዳውን አጣሩ፤ ቡናውን ቤት ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ሂዱ። አክስቴ "ጭሱ ያልሸተተኝ ቡና ምኑ ቡና ነው" ብላ አኩርፋ ነበር። ቶናው ላይ ታረቀች።

ወጡን ድንኳን ውስጥ ማሳደር

ጥቁር ድብ አለ። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሩቅ ይጣራል። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የልጆች ከረሜላ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር በተቆለፈ መኪና ወይም ካምፑ ባዘጋጀው የብረት ሳጥን ውስጥ ይደር። የመኪና በር መክፈት የለመደ ድብ ስላለ "ቆልፌ ይሆናል" አይሠራም።

በጋ ነው ብሎ በቲሸርት መሄድ

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ገደሉ ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል፤ ጠዋትም ዘግይቶ ነው የሚለቃት። ጋቢ ያዙ፣ የምሬን ነው።

ቦታና ስልክን ለመጨረሻ ሰዓት ማቆየት

ካንየኑ ውስጥ አብዛኛው ቦታ ኔትወርክ የለም። የአየር ትንበያውን ፎርት ኮሊንስ ሳላችሁ እዩ፣ ካርታውን አውርዱ፣ የት እንደምታድሩም ለሰው ንገሩ። አስቀድሞ የሚያዘው ቦታ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በፊት ስለሚከፈት ለጁላይ ቅዳሜና እሁድ ጃንዋሪ ላይ መጀመር ነው። ከረፈደባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሰው ወንዝ ዳሩን ሲሻማ ሁለተኛው ረድፍ ትንሽ ይቆያል።