ከላይም ከታችም የሚቆልፈው የበር ቁልፍ ሲበላሽ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀየራል

እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱት ከላይም ከመሃልም ከታችም የሚይዘው በር አለ አይደል፣ አሁን አሁን ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም አዲስ ቤት ላይ በአሉሚኒየምና በፒቪሲ በር ብዙ ሰው እሱን ነው ሚያስገባው። መልቲፖይንት ይሉታል። አያቶቻችን ደጁን ዘግተው መወርወሪያዋን ጣል ያደርጉና በቃ፣ ያቺ እንጨት ደሞ ማርሽ የላት ምን የላት። ይሄኛው ግን ውስጡ ማርሽ አለው፣ ማርሽ ያለው ነገር ደሞ አንድ ቀን ይበላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቁልፉ እውነት መበላሸቱን እዩ። በሩን ወለል አርጋችሁ ክፈቱትና እንደተከፈተ እጀታውን አንሱት፣ ቁልፉን አዙሩት። ክፍት ሆኖ ያለችግር ከሰራ፣ ሲዘጋ ብቻ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን የበሩ ነው። ወይ ማጠፊያው ላልቶ በሩ ወርዷል፣ ወይ የእንጨት በር ከሆነ በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል (የዋንዛ በር ያለው ሰው ያውቃታል)፣ አሉሚኒየም ደሞ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚለጠጥ ጠዋት እሺ ያለው እኩለ ቀን ላይ ይደርቃል። ከበሩ ጠርዝ ወጥተው መቃኑን የሚይዙት መንጠቆዎች ላይ የከሰል ጥላሸት ቀቡና በሩን ዘግታችሁ ለመቆለፍ ሞክሩ፣ መቃኑ ላይ ያለው መቀበያ የቱ ጋ እንደጠቆረ ስታዩ በስንት ሚሊ እንደሳተ ይገባችኋል። ማጠፊያው ማስተካከያ ብሎን ካለው በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ በሩን ከፍ ማድረግ ነው፣ ከሌለው መቀበያውን ፈቶ ዝቅ ማድረግ ወይ በሞረድ ትንሽ ማስፋት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

በሩ ክፍት ሆኖም እጀታው ከደረቀ፣ ወይ እንደላላ ገመድ ዝም ብሎ ከወደቀ፣ ያኔ ማርሹ ሄዷል ማለት ነው። በሩ እንደተቆለፈ ከሞተባችሁ ደሞ ጉልበት አትጠቀሙ፣ አንድ ሰው በሩን ገፋ ሳብ እያረገ ሌላው እጀታውን በቀስታ ይሞክር። እምቢ ካለ ባለሙያ ጥሩ፣ በሩን ሰብሮ ቁልፍ ማዳን የለም።

አፈታቱ ቀላል ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከቁልፍ መክተቻው ትይዩ፣ አንድ ረጅም ብሎን አለች፣ በካቻቢቴ አውጧት። ከዛ ቁልፉን ከታችሁ በጣም ትንሽ ዞር አርጉት፣ መሃሉ ላይ ያለችው ጥርስ ስትደበቅ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፍ የምትከቱበት ክፍል፣ ይወጣል። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል ያሉትን የእጀታ ብሎኖች ፈታችሁ ሁለቱንም እጀታና ባለ አራት ማዕዘኑን ዘንግ አውጡ። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች ያሉትን ብሎኖች ፍቱና ረጅሙን ጠፍጣፋ ብረት ከነማርሹ ሳብ።

አሁን ሜትር። እዚች ጋ ነው እኔ የተቃጠልኩት። እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደውላ "ወንድም ጋሼ፣ ኧረ በሩ እምቢ አለኝ" ስትለኝ ፎቶ ላኪልኝ ብዬ፣ ባህር ዳር ሻጩን ፎቶውን አሳይቼ፣ እሱም "ሁሉም አንድ ነው ጋሼ" ብሎኝ፣ ገዝቼ ሄድኩ፣ ስገጥመው የእጀታው ቀዳዳ ሌላ የቁልፉ ቀዳዳ ሌላ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ያለው ርቀት የሷ 92 ሚሊ ነበር፣ እኔ የገዛሁት 85። ሰባት ሚሊ! ለሷ ስል ባህር ዳር ተመልሼ ነው የቀየርኩት።

ስለዚ ምትለኩት ይሄ ነው፦ ከእጀታው ዘንግ መሃል እስከ ሲሊንደሩ መሃል (92፣ 85፣ 72 ሊሆን ይችላል)፣ ከጠፍጣፋው ብረት ፊት እስከ ቁልፍ ቀዳዳው መሃል (28 ወይ 35 ወይ 45 ምናምን)፣ የጠፍጣፋው ስፋት (16 ወይ 20 ወይ 24)፣ እና ከእጀታው ዘንግ እስከ እያንዳንዱ መንጠቆ ያለው ርቀት። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ እሷ ካልገጠመች ግን መቃኑን እንደገና መብሳት ነው። ዘንጉ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ነው። ከቻላችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በሩ ያለ ቁልፍ እንዳያድር ከውስጥ መቀርቀሪያ አስመቱበት። ብረቱ ላይ የተቀረጸ ስምና ቁጥር ካለም እሱን አሳዩ፣ አንዳንዴ ረጅሙን ሳትቀይሩ ማርሹን ብቻ ማግኘት ይቻላል፣ ይረክሳል።

ስትመርጡ መንጠቆ ያለውን ውሰዱ። በመንጠቆ ፋንታ ድብልብል ብረት ብቻ ያለው በሩን ከመቃኑ ጋ አጥብቆ ንፋስና ዝናብ ይከላከላል እንጂ ሌባ ሲፈለቅቀው ብዙም አይዝም፣ መንጠቆ ግን ይነክሳል። ሲሊንደሩ ደሞ ከውጭ በኩል ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ በላይ እንዳይወጣ፣ ወጣ ካለ በፒንሳ ይዘው ይሰብሩታል። ርዝመቱን ከመሃሉ የብሎን ቀዳዳ ወደ ሁለቱም ጫፍ ለየብቻ ለኩ፣ 35 በ45 ሊሆን ይችላል፣ ገልብጣችሁ እንዳትገዙ።

ስትገጥሙ በፈታችሁበት ግልባጭ ነው፣ መጀመሪያ ረጅሙ፣ ከዛ እጀታ፣ ከዛ ሲሊንደር። ትራፓኖ አትጠቀሙ፣ በእጅ አጥብቁ፣ የእጀታ ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ አዲሱም ይደርቃል። እና በሩን ሳትዘጉ አስር ጊዜ አንሱ አውርዱ፣ ቁልፉን በውጭም በውስጥም ሞክሩ። ዘግታችሁ ከሞከራችሁትና ካልሰራ አዲስ ቁልፍ ገዝታችሁ ራሳችሁን ቆለፋችሁ ማለት ነው።

ማለስለሻው ላይ ደሞ፣ እባካችሁ የኑግ ዘይት አታፍስሱበት። እህቴ ስታፈስ ነበር ለካ፣ ስፈታው ውስጡ ከአቧራ ጋ ተቦክቶ እንደ ሙጫ ሆኖ አገኘሁት። ለመንጠቆዎቹ ቀላል የሲሊኮን ስፕሬይ በቂ ነው፣ ለሲሊንደሩ የእርሳስ ጫፍ ቁልፉ ላይ አሽታችሁ ጥቂት ጊዜ ከተት ወጣ ማድረግ።