ስፒከሩ ተቃጠለ? መጀመሪያ ያቃጠለውን ፈልጉ

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ደብረ ማርቆስ ላይ ስፒከር የሚጠግን ሰው ሥራ አይፈታም። የሰርግ ወቅት ነው። ከየቤቱ የሚመጡት ደግሞ አብዛኞቹ የድሮ የስቴሪዮ ስፒከሮች ናቸው፤ ሳጥናቸው ከባድ፣ ማግኔታቸው ደህና። ባለቤቱ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ዉፈሩ ተቃጥሏል፣ ቀይርልኝ።» ዉፈር ማለት ሳጥኑ ውስጥ ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ነው። መቀየሩማ ቀላል ነው። ያቃጠለውን ሳያገኙ መቀየር ግን ብር ማቃጠል ነው። ገመዱን አይታችሁ፣ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ ሞክራችኋል ብዬ ልጀምር።

ጭራሽ ድምፅ የለም

ዉፈሩን ከሳጥኑ ፍቱት። ከሁለቱ ገመዶች አንዱን ንቀሉና ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የተጻፈበት ዉፈር ከ5.5 እስከ 7 ያነባል። 4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.7 አካባቢ። «8 ተብሎ 6 አነበበ» ብላችሁ ጤነኛ ዉፈር እንዳትጥሉ። የተጻፈው ቁጥር ሙዚቃ ሲያልፍበት ላለው ነው፤ ቴስተር የሚለካው የኮይሉን፣ ማለት ማግኔቱ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ ብቻ ነው።

ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተቆርጧል። 1 ኦም ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ኮይሉ ቀልጦ እርስ በርሱ ተገናኝቷል። እንዲህ ያለውን አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ላይ መልሳችሁ እንዳትሰኩ፣ አምፑንም ይዞት ይሄዳል።

ትዊተርን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን) ከሳጥኑ ጀርባ ሆናችሁ አትለኩት። መንገዱ ላይ ባሱን የሚያግድ ካፓሲተር አለ። ካፓሲተር የቴስተሩን ባትሪ ስለማያሳልፍ ደህናው ትዊተር የሞተ ይመስላል። ራሱ ትዊተሩ ላይ ለኩ።

ኮይሉ ደህና ሆኖ ወረቀቱን (የሚርገበገበውን የዉፈሩን ፊት) ሲነኩት ድምፁ ሄድ መጣ ካለ፣ ወደ ወረቀቱ የሚሄደው የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። አይጥ የቆረጠችውም አጋጥሞኛል፤ ስፒከር ጎተራ አጠገብ አይቀመጥም።

ድምፁ ይሻክራል

ዉፈሩን አጋድሙት። የሁለት እጅ ጣቶቻችሁን ወረቀቱ ላይ ዙሪያውን እኩል አድርጉና በዝግታ ወደ ውስጥ ግፉት። ጸጥ ብሎ ገብቶ ጸጥ ብሎ መመለስ አለበት። ሽክ ሽክ ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየፋቀ ነው። እዚህ ላይ ቴስተር ይሸውዳል። ኦሙ ትክክል ሆኖ ኮይሉ ግን በሙቀት አብጦ ሊሆን ይችላል። ከአውቶብስ ጣሪያ ላይ ወድቆ ማግኔቱ የተንሸራተተም አለ። ብየዳ ቤት አጠገብ የኖረ ከሆነ ደግሞ የብረት ብናኝ ገብቶበታል። ከሦስቱ አንዱ ከሆነ በአብዛኛው ቀይሩት።

ጠርዙ ላይ ያለው ስፖንጅ ተቦጫጭቆ ከሆነ ግን አይዟችሁ። ስፖንጅ በዕድሜ ይበሰብሳል፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ኮይሉ ካልፋቀና ኦሙ ትክክል ከሆነ ዉፈሩ አልሞተም፣ ጠርዙን ብቻ ቀይሩ። እባካችሁ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት! ድርቅ ይላል፤ መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ፕላስተር የለጠፉበት፣ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጠው የሰፉበት ሁሉ ይመጣል። የድሮን ጥሩ ዉፈር እንዲህ አድርጎ ማሰቃየት ምን ይባላል?

ተቀይሮ እንደገና የሚቃጠል

ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። በየጊዜው የማየው እሱን ነው።

ታሪኩ ሁሌም ይመሳሰላል። ለሰርግ የቤቱ ስቴሪዮ ተነቅሎ ዳስ ይገባል። ስልክ ይሰካበታል። ባሱም ትሬብሉም እስከ መጨረሻ፣ ቮልዩሙም እስከ መጨረሻ። ለሳሎን የተሠራ አምፕ ለመንደር አይበቃም። አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ መሻከር ይጀምራል። ያኔ ቀንስ የሚል የለም፣ እስክስታው ደርቷል። መጀመሪያ ትዊተሩ ይሄዳል። ሰው ልብ አይለውም፣ «ድምፁ ፈዘዘ» ብሎ ትሬብል ይጨምራል። ከዚያ ዉፈሩ ይከተላል። ለቤት ስፒከር ከሚገባው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። የቀረው ሙቀት ነው፣ እሱንም የሚሸከመው ያ ቀጭን ኮይል ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተታችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ግዢው ላይ ነው። አንድ ወጣት ከሰርግ ማግስት ሳጥኑን በባጃጅ ጭኖ መጣ። አዲስ ዉፈር ራሱ ገዝቶ ይዟል፣ 600 ዋት የሚል ትልቅ ወርቃማ ጽሑፍ አለው። ማግኔቱን አየሁት፣ ከድሮው ግማሽ አይሆንም። ከጀርባው የለበሰውን የላስቲክ ቆብ ሳወልቀው ጭራሽ አነሰ። ቆቡ የተደረገው ማግኔቱን ለማስተለቅ ነው! ኦሙን ስንለካ 3.4፣ ማለት 4 ኦም ነው። የድሮው 8 ኦም ነበር። የመኪና ስፒከር ነው የሸጡለት። የአምፑ ጀርባ ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ተብሎ ተጽፏል። 4 ኦም ሲገባበት የሚስበው ከረንት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ አምፑ ይግላል፣ ቆይቶ ይቃጠላል። «ግን እኮ 600 ዋት ነው ጋሼ» አለኝ። ተለጣፊው ነው 600፣ ዉፈሩ አይደለም።

ስለዚህ ስትገዙ ዋቱን እርሱት። ኦሙን ለኩ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ከአንዱ ወደ ተቃራኒው ለኩ፤ «ስምንት ኢንች» የተባሉ ሁለት ዉፈሮች ቀዳዳቸው ላይገጥም ይችላል። ጥልቀቱንም እዩ። ማግኔቱን ከድሮው ጋር በእጅ መዝኑ። ከመርካቶ የምታስመጡ ከሆነ የድሮውን ዉፈር ራሱን ላኩት፤ በስልክ ተነግሮ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል። ከተፈታ አሮጌ ስቴሪዮ የወጣ ጤነኛ ዉፈር ካገኛችሁ፣ ኦሙና መጠኑ ከገጠመ ለእኔ ከአዲሱ ፎርጅድ ይሻላል።

ሁለተኛው ገዳይ አምፑ ራሱ ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ ሰው ሌላ ቦታ ዉፈር አስቀይሮ በዚያው ማታ ተቃጠለበት። ሌላ አስቀየረ፣ እሱም ነደደ። ስፒከሩን አልነካሁትም። አምፑን ብቻ አስነሳሁና ሙዚቃ ሳልከፍት፣ ስፒከር ሳልሰካ፣ የስፒከር መሰኪያው ላይ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አደረግኩ። 22 ቮልት! የመውጫው ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል። እዚያ ላይ የተሰካ ዉፈር ወረቀቱ በአንድ ወገን ተጎትቶ ይቀርና ደቂቃ ሳይቆይ ይነዳል። ጤነኛ አምፕ ላይ ከ50 ሚሊቮልት በታች ነው መነበብ ያለበት። ቮልት ካለ አምፑ ሳይሠራ ዉፈር እንዳትገዙ። ይህን ሳይለካ ዉፈር የሚገጥም ጠጋኝ ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ትዊተር ደጋግሞ ከተቃጠለ ካፓሲተሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ትዊተሩን የቀየረው ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ አውጥቶታል። ትርፍ አይደለም፣ ባሱን የሚያግድለት እሱ ነው። ስትመልሱ ነን ፖላር (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሌለው) የሆነውን፣ የተጻፈበትን ማይክሮፋራድ ግጠሙ።

መግጠሙ

ካቻቢቴውን አጥብቃችሁ ያዙ። ማግኔቱ ስቦ ወረቀቱ ላይ ይሰካዋል፤ አዲስ ዉፈር ገና ሳይዘፍን የተበሳው እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ካርቶን ጣል አድርጉበት።

የድሮው ቺፕውድ ብሎን መያዝ ካቆመ ቀዳዳው ውስጥ የክብሪት እንጨት በእንጨት ኮላ ክተቱና ሲደርቅ እሰሩ። ከዉፈሩ ጠርዝ ሥር ስስ ስፖንጅ አንጥፉ። አየር ካፈሰሰ ባሱ ይሞታል። በሲሊኮን የሚያሽጉ አሉ፤ ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ይረግማቸዋል። ብሎኖቹን በተቃራኒ በተቃራኒ እሰሩ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

ፖላሪቲውን (የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ) ሳታዩ አትዝጉ። 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስዳችሁ የዉፈሩን ሁለት ጫፍ ንኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ሲወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው የዉፈሩ ፖዘቲቭ ነው። ርካሾቹ ላይ ቀዩ ምልክት ተገልብጦ የሚለጠፍበት ጊዜ ስላለ ቀለሙን አትመኑ። ነካ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው፣ ባትሪውን ይዛችሁ አትቆዩ። ሁለቱ ሳጥኖች እየሠሩ ባሱ ጠፍቶ የአንዱን ገመድ ስትነቅሉ ባሱ ከመጣ፣ አንደኛው ተገልብጦ ተገጥሟል፤ የአንዱን ሳጥን ሁለት ገመዶች አቀያይሩ።