ምቾት ተብለው የተገጠሙ፣ ኋላ ኪስ የሚያራግፉ፦ ጅማ ላይ ከመኪናዎ ምኑን ያጥፉ?

ስፖኪዮው በራሱ ይታጠፋል፣ መሪው ሲወርዱ ሽቅብ ይሰበሰባል፣ የኋላው በር አንዲት ቁልፍ ሲነኩት ይከፈታል። እስኪሠራ ድረስ ደስ ይላል። የተበላሸ ዕለት ግን መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ የተሰበረችው አንዲት የፕላስቲክ ጥርስ ብትሆንም የሚሸጥልዎ ሙሉው ዕቃ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ደግሞ እጅ ላይ ያለችውን መኪና አሟጦ መጠቀም ግድ ሆኗል።

ምኑን እንደሚያጠፉ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ እኔ ሳላዘው በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ምንድን ነው? በቀን 10 ጊዜ መኪና ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ሰው ራሱን የሚሰበስብ መሪ ካለው፣ የመሪው ትንሽ ሞተር በቀን 20 ጊዜ፣ በዓመት 7,300 ጊዜ ይዞራል። ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀረው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

አጠፋፉም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በስክሪኑ ወይም በክሩስኮቱ ሴቲንግ ውስጥ ይፈልጉ። ከሌለ የራሱን ማጥፊያ ይጠቀሙ። ፊውዝ መንቀል የመጨረሻው ነው፤ አንድ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ነገር ስለሚመግብ ሳንሩፉን (የሚከፈተውን የጣሪያ መስታወት) አጠፋሁ ሲሉ የውስጥ መብራቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከመንቀልዎ በፊት የፊውዝ ሳጥኑን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው የነቀሉትን ፊውዝ አብረው ያስቀምጡ። ገመድ የሚቆርጥ ኤሌክትሪሻን ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ሳንሩፍ

ጅማ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሳንሩፍ የሚያፈሰው ጎሚኒው (ዙሪያውን ያለው የጎማ ማሸጊያ) ስላረጀ ይመስለዋል። ጎሚኒው ግን ከመጀመሪያውም ውኃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም፤ ያለፈው ውኃ ዙሪያውን ባለው ቦይ ተሰብስቦ በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ታች ይወርዳል። መኪናዋ ግራቪሊያ ሥር የምታድር ከሆነ የረገፈው ቅጠል ከበጋው አቧራ ጋር ተለውሶ ቱቦውን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው መውጫ ያጣና በጣሪያው ጨርቅ በኩል ወርዶ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ብዙ መኪኖች ላይ የገመድ መገናኛዎች፣ አንዳንዶቹም ላይ የኮምፒውተር ሳጥኖች ያሉት እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በጉም ከተሸፈነ ወይም እግር ማሳረፊያው ጋ ያለው ምንጣፍ በእጅ ሲጫኑት ከራሰ፣ ነገሩ ጀምሯል ማለት ነው።

ሥራው ግንቦት ሳይወጣ ቢያልቅ ይመረጣል። ሳንሩፉን ከፍተው ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የፊት ማዕዘኑ ላይ ባለችው ቀዳዳ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ደህና ከሆነ ወዲያው ከፊት ጎማው ኋላ ወይም ከበሩ ማጠፊያ አካባቢ ሲንጠባጠብ ያያሉ፤ የኋላዎቹ ቱቦዎች ከኋላ ጎማ አካባቢ ይወጣሉ። ውኃው ቦዩ ውስጥ ከቆመ ተደፍኗል። የሣር ማጨጃ ማሽን ናይለን ይፈልጉ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ይበቃል። ጫፉን በክብሪት አቅልጠው ያድቦልቡሉት፣ ቱቦውን እንዳይወጋው። ከዚያ እያዞሩ በቀስታ ይስደዱት። ሽቦ አይሆንም። ጎሚስታ ጋ ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ግፊቱ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊነቅለው ይችላል፣ መልሶ ለመግጠምም ብዙ ጊዜ የጣሪያው ጨርቅ መውረድ አለበት።

ቱቦዎቹ ከጸዱ በኋላ ጎሚኒውን በሲሊኮን ቅባት ያብሱ። የሞተር ዘይትና ግሪስ ጎማን ስለሚያሳብጡ አይጠቀሙባቸው። ከዚያ ሳንሩፉን ዘግተው ክረምቱን በሙሉ አይንኩት። ልጆች እየነካኩ ካስቸገሩ፣ ሌላ ነገር የማይመግብ መሆኑን አረጋግጠው ፊውዙን ይንቀሉ። ፊውዙ ሲመለስ አንዳንድ ሳንሩፍ መነሻውን ስለሚረሳ በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል።

ቆሞ ሞተር የሚያጠፋው

መኪና ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋውና ፍሬን ሲለቁ መልሶ የሚያስነሳው ነገር ነዳጅ ይቆጥባል። ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ድረስ ባጃጅ እያስቀደሙ ለሚሄድ ሰው ግን ትርፉ ጥቂት ነው። መንገዱ አጭር ስለሆነ ዲናሞው ያወጣነውን ሳይመልስ ባትሪው ደጋግሞ ይሠራል። እነዚህ መኪኖች የሚጠይቁት ባትሪም ተራ አይደለም። ከጃፓን የመጡት ላይ ኤም-42፣ ኤን-55፣ ኪው-85 የሚሉ ጽሑፎች ካዩ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ባትሪ ነው፤ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። በቦታው ተራ ባትሪ ተገጥሞ አገልግሎቱ ሳይጠፋ ከቀረ ባትሪው ብዙ አይቆይም።

ኤ ፊደል በክብ ቀስት የተከበበበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ ክሩስኮቱ ላይ ኦፍ የሚል መብራት ይበራል። ብዙ መኪኖች ላይ ሞተር በተነሳ ቁጥር መልሶ ስለሚበራ ቀበቶ ከማሰር ጋር አብረው ቢለምዱት ይሻላል። የኮፈኑን ሴንሰር ነቅሎ ማታለል የሚባል ዘዴ አለ፤ መኪናዋ ኮፈኑ ክፍት ስለሚመስላት አላርሙ አይሠራም፣ እውነት ኮፈኑ ሲከፈትም አያስጠነቅቅም። ባትሪውን በውጭ ቻርጀር የሚሞሉ ከሆነ፣ ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ትንሽ ሴንሰር ካዩ ጥቁሩን መቆንጠጫ ባትሪው ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ ያድርጉ። አለዚያ መኪናዋ ባትሪው መሙላቱን አታውቅም።

ስፖኪዮ

ማጠፊያው ላይ አውቶ የሚል ቦታ ካለ ወደ መሃል ይመልሱት። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ትንንሽ ስለሆኑ የበጋው አቧራ ከካፊያ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ሆኖ ይይዛቸዋል። ባጃጅ ገጭቶ ካጠፈው በእጅ እየታገሉ አይመልሱት፤ በማጠፊያው ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈው ይዘርጉት፣ ጥርሱ “ቋ” ብሎ ቦታው ይገባል። ከዚያም በኋላ መስታወቱ ቆሞ ሞተሩ ብቻውን “ክርርር” ካለ ጥርሱ ተሰብሯል።

የኋላ በርና ቁልፍ

60 ኪሎ ቡና የሚጭን ሰው በሩን በትከሻ መግፋቱ አይቀርም፤ ሞተሩ እየዘጋ ሲገፉት የሚሰበረው ማርሹ ነው። ማጥፊያው አንዳንድ መኪና ላይ በተሳፋሪው በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላው ላይ ከመሪው ጎን ይገኛል። በእግር የሚከፈተውን ደግሞ ላቫጆ ከመግባትዎ በፊት ያጥፉት፤ የውኃውን ግፊት እግር ነው ብሎ ይከፍታል።

ኪስ ውስጥ ሆኖ በር የሚከፍተውም ቁልፍ ላቫጆ ላይ አጠገብዎ ከሆነ፣ እጀታው ላይ ውኃ በተረጨ ቁጥር በሩ ይቆለፋል፣ ይከፈታል። ቁልፉን ራቅ ያድርጉት። ቤት የሚቀመጠውን ሁለተኛውን የቶዮታ ቁልፍ ባትሪውን እንዳይጨርስ ማስተኛት ይቻላል፦ መቆለፊያውን ተጭነው ይዘው መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ካለች ተኝቷል። ማንኛውንም ቁልፍ ሲጫኑ ይነቃል።

በራሱ የሚሠራ የዝናብ መጥረጊያ ካለዎት ሞተር ከማጥፋትዎ በፊት ኦፍ ላይ ያድርጉት። የደረቀ ጭቃ ላይ ከተነሳ መስታወቱን ይጭራል።

የማይጠፉት

ኤሲ ሲቀመጥ ነው የሚበላሸው። የጅማ አየር ብዙ ስለማያስፈልገው ሰው ለወራት ይረሳዋል፤ የኮምፕረሰሩ ጎሚኒ ዘይት አጥቶ ይደርቅና ጋዙ ያመልጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ያብሩት፣ በዝናብ ጊዜ መስታወት የሚያደርቀውም እሱ ነው። በቁልፍ የሚያዘው የእጅ ፍሬንም እንዲሁ ካልተሠራበት ይይዛል። የኋላ የፍሬን ሸራ ሲቀየር ግን መካኒኩ በመጀመሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ያስገባው፤ በመቆንጠጫ ከገፋው የፍሬኑን ትንሽ ሞተር ይሰብረዋል። ኤቢኤስና ኤርባግ በምንም ምክንያት አይነኩም።

ፊውዝ ነቅለው ከጨረሱ በኋላ መኪናዋ ቆማ ሳለች ከባትሪው የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ይለኩ። ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቩ ጫፍና በገመዱ መካከል ያስገቡት፣ ሁሉንም በር ዘግተው 40 ደቂቃ ይጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ካነበበ ደህና ነው። ቴስተሩ እንደተሰካ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።