የቆየ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ መቀበያ ዋጋው እንዴት ይገመታል?

የቆየ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ዕድሜ ግን ዋጋን ለመገመት ብዙም አይረዳም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በገፍ የተመረቱ መቀበያዎች ዛሬም ስለሚገኙ፣ ከእነሱ በኋላ የተሠራ ነገር ግን ማንም ያልነካካው መሣሪያ ሊበልጣቸው ይችላል።

1. ሰሌዳውን ያንብቡ
በመሣሪያው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ የሞዴሉን ስያሜ፣ የአምራቹን ስም፣ የውል ቁጥርና ተራ ቁጥር ትይዛለች። ስያሜውን አንዲት ፊደል ሳያስቀሩ ይጻፉት። በአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ ያገለገለው ቢሲ-348 በርካታ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን የሚለዩትም በመጨረሻዋ ፊደል ነው።

ሰሌዳውን ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑት። የኮሊንስ ኩባንያ የነደፈው አር-390ኤ መቀበያ እየተነቀሉ በሚገጠሙ ክፍሎች የተገነባ ነው፤ የሠራዊቱ ጠጋኞችም የአንዱን አምራች ክፍል በሌላው ውስጥ ይገጥሙ ነበር። ስለዚህ ክዳኑን ከፍተው እያንዳንዱ ክፍል ላይ ያለውን ማኅተም ይመልከቱ። ሁሉም ክፍሎቹ የአንድ አምራች ከሆኑ ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

2. አይሰኩት
ለአሥርተ ዓመታት ኃይል ያላገኘ መቀበያ በድንገት ሲሰካ ያረጁት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ሾርት ሊያደርጉና ትራንስፎርመሩን (ቮልቴጅ የሚቀይረውን ክፍል) ይዘው ሊቃጠሉ ይችላሉ። የዚህ መሣሪያ ትራንስፎርመር በቀላሉ አይገኝም። ሙከራውን ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ለሚችል ባለሙያ ይተዉት።

በጨለማ እንዲታዩ የተቀቡ መለኪያዎችና ቁልፎች ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ሬዲየም ሊኖራቸው ይችላል። ቀለሙ መብራቱን ማቆሙ ማስተማመኛ አይሆንም፤ የሬዲየም ዕድሜ አጋማሽ፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ወደ 1,600 ዓመት ይጠጋል። መስታወቱን አይክፈቱ፣ ቀለሙንም አይፋቁ። ለገዢውም በግልጽ ይንገሩት፤ በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለውን ዕቃ መላክ ራሱን የቻለ ገደብ አለበት።

3. የጎደለውንና የተለወጠውን ይቁጠሩ
ግምት በአብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እነዚህን መቀበያዎች በርካሽ የገዙ አማተር ሬዲዮተኞች ለራሳቸው እንደሚመች አድርገው ቆራርጠዋቸዋል። በእንግሊዝ ላንካስተር አውሮፕላን ላይ የነበረው አር1155 የአቅጣጫ መፈለጊያው ተነቅሎ፣ ፊቱም ለአዲስ ቁልፍ ተበስቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። የተነቀለ ሽቦ ይመለሳል፤ የተበሳ ብረት ግን እንደተበሳ ይኖራል። ስለዚህ በመሣሪያው ፊት ላይ ያለ አንድ ቀዳዳ ከብዙ የተበላሹ ቫልቮች (የመስታወት የሬዲዮ አምፖሎች) የበለጠ ዋጋ ይቀንሳል።

ቀጥሎ መለኪያዎቹን፣ የመጀመሪያዎቹን ቁልፎች፣ ክዳኖቹን፣ የኃይል ማያያዣዎቹንና የአገልግሎት መመሪያውን ይፈልጉ። በአር-390ኤ ላይ መለኪያዎቹ በሬዲየም ምክንያት ተነቅለው ሊሆን ይችላል። የሚፈለገውን ሞገድ ከሌላው የሚለዩት የውስጥ ማጣሪያዎቹም ይታዩ፤ ደጋፊ ስፖንጃቸው እየበሰበሰ የሚበላሹ አሉ። በሃማርሉንድ ኩባንያ መቀበያ፣ በኤስፒ-600፣ ቀደምት ምርቶች ላይ ደግሞ ጥቋቁሮቹ የወረቀት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ያፈስሳሉ፤ አንዳንዶቹ ለእጅ በማይመች ቦታ ስለተቀመጡ መቀየራቸው አድካሚ ሥራ ነው።

እባክዎ እንደገና አይቀቡት። ያረጀ ቀለምና የቆየ የፍተሻ ማኅተም ለሰብሳቢ ማስረጃ ነው፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀለም ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል።

4. ገዢውን ይለዩ
አጭር ሞገድ ማዳመጥ የሚወድ ሰው የሚሠራ ሬዲዮ ይፈልጋል፤ ቢሲ-348 ላይ ያለው ባለ 28 ቮልት ዲናሞተር (የአውሮፕላኑን ኃይል ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር ተሽከርካሪ መሣሪያ) በቤት ኃይል ማቅረቢያ ቢተካ ደስ ይለዋል። አውሮፕላን የሚያድስ ሰው ደግሞ ያንኑ ዲናሞተር ካላየ ፊቱን ያዞራል። የአንዱ ማሻሻያ ለሌላው ጉዳት ስለሆነ ግምቱን ለሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ።

5. የተሸጠበትን ዋጋ ይፈልጉ
ሻጭ የጠራው ዋጋ ምኞት ነው። በጨረታ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ብቻ ይሰብስቡ፤ ተመሳሳይ ዝርያና ተመሳሳይ ይዞታ ያላቸውን ይምረጡ። ሁለት ሰዎች ተፎካክረው ያናሩትን ከፍተኛውን ዋጋ ትተው መካከለኛውን ይያዙ።

6. ይቀንሱ
ተጠግኖ በደንብ የሚሠራው መሣሪያ በ100 ይሸጣል እንበል። የእርስዎ ጥገና 35፣ የጎደለው መለኪያ 10 ቢያስፈልገው 55 ይቀራል። ገዢው ለድካሙና ለሚያጋጥመው ያልታሰበ ብልሽት የሆነ ነገር መቀነሱ ስለማይቀር ከዚያም ዝቅ ይላል። ራስዎ ጠግነው ቢሸጡት የጉልበትዎን ዋጋ የመመለስ ዕድልዎ አነስተኛ ነው።

የማጓጓዣው ሒሳብ ለብቻው ይታይ። አር-390ኤ ወደ 38 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ጠንካራ ማሸጊያም ይፈልጋል። ገዢው መጥቶ የሚወስደው ከሆነ ዋጋው ሊሻሻል ይችላል። ከቅናሽ በኋላ የቀረው ጥቂት ከሆነ ደግሞ የቁልፎቹን፣ የማጣሪያዎቹንና የትራንስፎርመሩን ዋጋ ለየብቻ ደምረው ያወዳድሩ፤ ፊቱ ተበስቶ ክዳኑ የጠፋ መቀበያ ለሌሎች መለዋወጫ ሆኖ የተሻለ ሊያወጣ ይችላል።