የስኳርና የግፊት ክትትል ላይ ያሉ ነርሶችን ስታሠለጥኑ ፓወርፖይንቱን ቀንሱ

አንድ የስኳር ታካሚ በየወሩ ለክትትል መጥቶ 10 ደቂቃ ቢሰጠው፣ በዓመት ሲደመር 2 ሰዓት ነው። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። በቀረው ጊዜ መርፌውን የሚወጋው፣ ክኒኑን የሚውጠው ወይ የሚዘለው፣ ወጡ ላይ ጨው የሚጨምረው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሥልጠናችሁ "ለታካሚው ምን እንንገረው" የሚል ከሆነ ከጅምሩ ስቷል።

አብዛኞቹ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ስለ በሽታው ያውቃሉ። የሚጎድለው ጨዋታው ነው፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራቱ። ለሕክምናው ክለሳ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ሌላውን ለልምምድ አውሉት። የሚቻል ከሆነ እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ አድርጉት፤ ሆቴል ከተወሰደ ወሬው ሁሉ አበል ይሆናል፣ ታውቁታላችሁ።

ሠልጣኞቹን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ መድቧቸው። አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ነርስ፣ ሦስተኛው ወረቀት ይዞ ታዛቢ። ታዛቢው ማን ብዙ እንዳወራና ታካሚው ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይመዝግብ። ሰው የራሱን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል።

መጀመሪያ የሚለማመዱት መጠየቅን ነው። "መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው?" ሲባል ሁሉም "አዎ ሲስተር" ይላል። እንዲህ ይሞክሩት፦ "መድኃኒት ብዙ ሰው ያመልጠዋል። እርስዎን ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?" ከዚያ ዝም። እውነቱ ሲወጣ ደግሞ ቁጣ የለም። "ለራስዎ አያስቡም እንዴ?" የተባለ ሰው በሚቀጥለው ወር ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ብቻ አጥብቆ ውጦ፣ የጾም ስኳሩን (ሳይበላ የሚለካውን) አሳምሮ ይመጣላችኋል፣ እናንተም ተሻለው ብላችሁ ትሸኙታላችሁ።

ቀጥሎ ማስደገም፣ ማለትም ታካሚው የተነገረውን ራሱ አድርጎ እንዲያሳይ መጠየቅ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። ጊዜው ያለፈበት የኢንሱሊን ጠርሙስ፣ የኢንሱሊን መርፌና መውጋት የሚለማመዱበት ብርቱካን አምጡ። ታካሚ የሆነው ሠልጣኝ ሆን ብሎ ይሳሳት፦ ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፉ መሀል ቀስ አድርጎ እንደማንከባለል በኃይል ይነቅንቀው፣ አየሩን ሳያስወጣ ይሳበው። ነርሷ የመጣባትን እርማት ውጣ መጀመሪያ ታስጨርሰው። ከዚያ "በደንብ ማስረዳቴን ላረጋግጥ ብዬ ነው፣ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ያሳይዋታል?" ትበል። ጥፋቱ ካለ የአስረጂው ይሁን። ሆድና ጭን በእጅ መዳሰስንም አስተምሯቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ከቆዳው ሥር እብጠት ይሠራል፣ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን ደግሞ በወጉ አይሰራጭም። መጠኑን ከመጨመር በፊት እብጠቱን ማየት ነው። የት እንደሚያስቀምጡትም ይጠየቅ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ፍሪጅ ለሌለው በእርጥብ አሸዋ መሀል የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ እጅግ ይሻላል።

ጾም ያልተነሳበት ሥልጠና እኛ አገር አይሠራም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ካልበላ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፣ ረመዳንም ያው ነው። "አይጹሙ" ብሎ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ሰውየው ይጾማል፣ እናንተን ብቻ ይደብቃችኋል። ይልቅ ጾሙ ከመግባቱ በፊት "ሊጾሙ አስበዋል?" ብሎ መጠየቅ፣ መድኃኒቱ እንዲስተካከል ከሐኪሙ ጋር ማገናኘት፣ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሼሃቸው ጋር እንዲነጋገሩ ማበረታታት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወይም የስኳር መለኪያው ከ70 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ካሳየ ጾሙ ይፈታል፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ይህንን የቤት ሰውም ማወቅ አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሕክምና ይሮጣል።

የመጨረሻው ልምምድ ዕቅድ ነው። "ክብደት ይቀንሱ" ዕቅድ አይደለም። "ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ" ነው ዕቅድ፣ እሱንም ታካሚው ራሱ ይበለው። ከዚያ "ከ10 ስንት ያህል እንደሚያደርጉት ይተማመናሉ?" ከ7 በታች ካለ ዕቅዱን አሳንሱት። ይህ መንገድ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት፣ ታካሚዎች በሽታቸውን ራሳቸው እንዲይዙ በሚያስተምር የ6 ሳምንት ፕሮግራም የታወቀ ነው። እዚያ ቡድኑን የሚመሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ናቸው። እናንተም ከስኳር ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ታካሚ ጋብዛችሁ ሠልጣኞቹ ፊት እንዲያወራ አድርጉ፣ ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል።

ከሥልጠናው በኋላ በወር ውስጥ ክትትል ክፍሉ ገብታችሁ እያንዳንዳቸውን ሁለት ታካሚ ሲያዩ ተመልከቱ። ወረፋው በር ላይ ሲጋፋ የተማሩት ሁሉ ይጠፋል፣ አትፍረዱባቸው። በአንድ ቀጠሮ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲይዙ፣ ዕቅዷንም በአንድ መስመር ካርዱ ላይ እንዲጽፉ ተስማሙ። በቀጣዩ ወር ሌላ ነርስ ብትሆን እንኳ የግፊት መለኪያውን ከማሰሯ በፊት መስመሯን አንብባ "ያ ነገር እንዴት ሆነ?" ትላለች፣ ካልሆነም "ለምን?" ሳይሆን "ምን አስቸገረዎት?"